«ለጉበት ስንት ማንኪያ ማር ልላስ?» ለምትሉኝ፦ ማርን በስኳር ቦታ የመተካት አሠራር

ሥራዬ ማር መሸጥ ነው። «ጉበቴ ላይ ስብ አለ ተባልኩ፣ ማር ያጠራዋል አሉኝ፣ ስንት ማንኪያ ልላስ?» ሳልባል የምውልበት ሳምንት የለም፣ ሌላው ደግሞ «ስኳሬ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ስኳር ትቼ ወደ ማር ልግባ ወይ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት አስር አስር ደቂቃ ከማወራ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። መጠኑን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ሰው የሚሳሳተው መሃል ያለውን ሲዘል ነው።

መልሱ ባጭሩ፦ ማር ሊረዳችሁ የሚችለው ስኳሩን አስወጥቶ በሱ ቦታ ሲገባ ነው። ስኳሩ እንዳለ ሆኖ ማር ከተጨመረበት ስኳር ጨመራችሁ ማለት ነው፣ ጉበታችሁ «ይሄ የንብ ነው» ብሎ አይለይላችሁም።

ለምን? 100 ግራም ማር ውስጥ ወደ 80 ግራሙ ስኳር ነው፣ 17 ግራም ገደማው ውሃ፣ የቀረችው ትንሽዬ ነገር ደግሞ አሲድ፣ ኢንዛይም፣ ማዕድንና ከአበባው የሚመጡ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ናቸው። ከስኳሩ ትልቁ ድርሻ ፍሩክቶስ ነው፣ ቀጥሎ ግሉኮስ። ግሉኮሱን ጡንቻውም አንጎሉም ይካፈለዋል፣ ፍሩክቶሱን ግን በብዛት የሚያስተናግደው ጉበት ነው፣ ሲበዛበት ወደ ስብ ይቀይረውና እዛው ያከማቸዋል። ፋቲ ሊቨር ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ለጉበት ተብሎ በሾርባ ማንኪያ የሚላስ ማር ጉበቱን ራሱን ነው የሚያስቸግረው።

ታዲያ ጥቅም አለው የሚባለው ከየት መጣ ካላችሁ፣ በ2022 የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 18 ጥናቶችን ሰብስበው አይተው ነበር፣ ከ1,100 በላይ ሰው የተሳተፈባቸው፣ መካከለኛው መጠን በቀን 40 ግራም ማር፣ ጊዜው 8 ሳምንት። የጾም ስኳር፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) እና ኤኤልቲ (በኛ ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ኤስጂፒቲ ተብሎ የሚጻፈው የጉበት ምርመራ) ቀንሰው ጥሩው ኮሌስትሮል ጨምሯል። ግን የጾም ስኳሩ የቀነሰው ወደ 4 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ ማስረጃውም ጠንካራ የሚባል እንዳልሆነ ራሳቸው ጽፈዋል፣ ተሳታፊዎቹም በአብዛኛው ጤነኞች ሆነው ጠቅላላ ስኳራቸው ከቀኑ ካሎሪ ከ10 ፐርሰንት ያላለፈ ሰዎች ናቸው። ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር እየጨመረ ማር ለሚልስ ሰው አልተጻፈም።

ከመጀመራችሁ በፊት፣ ማስጠንቀቂያ

ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ህፃን ማር አይሰጥም። ለሳልም ቢሆን፣ በጣት ጫፍም ቢሆን አይሰጥም። ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፣ የአዋቂ አንጀት ይቋቋመዋል፣ የህፃን ግን አይቋቋመውም፣ ጡንቻ ያዝላል፣ እስትንፋስ እስከማቆም ይደርሳል። ንጹህ ማር መሆኑም አያድንም።

ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ መድኃኒቱን ግን በጭራሽ አታቁሙ።

ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ያለባችሁ፣ ማር ቫይረሱን አያጠፋም። እኛ አገር ጉበት ከሚጎዱ ነገሮች ቫይረሱ ዋናው ነው፣ ክትትልና መድኃኒት አለው፣ ማር እየላሱ ዓመት ማሳለፍ ጊዜ ማቃጠል ነው።

ዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ መሆን፣ ሆድ መነፋት፣ ደም ማስታወክ፣ ሰው እየተቀባዠረ መደናገር፣ ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ማሩን ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ። «የወፍ በሽታ ነው፣ ቤት ይታከማል» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፣ አትስሙት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ያልተበረዘ ማር ግማሽ ኪሎ (ኪሎ አትግዙ፣ ምክንያቱን ታች ታዩታላችሁ)፣ ትንሽዋ የሻይ ማንኪያ፣ ከተገኘ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የቅርብ ጊዜ የላብራቶሪ ውጤት፣ ስኳር ያለባችሁ ደግሞ የጣት ስኳር መለኪያ ማሽን።

አሠራሩ

1. መነሻችሁን እወቁ

የጾም ስኳር፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ፣ ኤስጂፒቲ፣ ትራይግሊሰራይድ፣ ተመርምራችሁ የማታውቁ ከሆነ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ። የጾም ስኳር ከ100 እስከ 125 ከሆነ ቅድመ ስኳር ይባላል፣ 126 እና ከዛ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና የስኳር በሽታ ነው። ኤችቢኤዋንሲ ደግሞ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና ከዛ በላይ ስኳር። ወገባችሁን በእምብርት ልክ በሜትር ለኩ፣ ክብደታችሁንም ጻፉ።

ይሄ ለምን ቀደመ? መነሻ ቁጥር የሌለው ሰው ከሦስት ወር በኋላ «ለውጥ አለው፣ ቀሎኛል» ብቻ ነው የሚለው፣ መቅለል ደግሞ ጉበት ላይ አይሠራም፣ ጉበት ስብ ይዞም ምንም ሳያሳምም ዓመታት ይቀመጣል።

2. ሦስት ቀን ያለውን ስኳር ጻፉ

ምንም ሳትቀይሩ ሦስት ቀን የምትጠጡትንና የምትበሉትን ጣፋጭ ሁሉ ጻፉ። ሞላ ያለች አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 5 ግራም ብላችሁ ያዙ። ሻይ ላይ ሦስት የምታደርጉ ከሆነ 15 ግራም፣ በቀን አራት ብርጭቆ ከሆነ 60 ግራም፣ በዛ ላይ ምሳ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም፣ ሳይታወቅ 90 ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው ምክር ማርን ጨምሮ የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ከ25 ቢያንስ ደግሞ ይሻላል የሚል ነው (2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ሲሰላ)። ልብ በሉ፣ ማርም እዛው ቁጥር ውስጥ ነው የሚቆጠረው፣ ለብቻው የተፈቀደለት ኮታ የለውም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር፣ ስትጽፉ ስኳር የሚባል ነገር ጭራሽ እንደማትነኩ ካያችሁ፣ ቡናም ሻይም ያለ ስኳር ከሆነ፣ ማር አትጀምሩ። የምትተኩት ነገር የላችሁም። ይሄን ስል ደንበኛ ትቀንሳለህ ይሉኛል ቤት፣ ቢሆንም እውነቱ እሱ ነው።

3. ማሩን ምረጡ

የተበረዘ ማር ከገዛችሁ የተቀረው ደረጃ ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ስኳር በስኳር እየተካችሁ ነው፣ ያውም በማር ዋጋ። ችግሩ ቤት ውስጥ መለየት የሚቻል አይደለም። ክብሪቱን ማር ነክሮ መለኮስ፣ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ማየት፣ አውራ ጣት ላይ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ የሚነግሯችሁ ማሩ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም የሚለውን ብቻ ነው። በደንብ የፈላ የስኳር ሽሮፕ ሁሉንም ያልፋቸዋል፣ ውሃ የበዛበት ንጹህ ማር ደግሞ ይወድቃል።

የተሻለው መንገድ ሻጩን መጠየቅ ነው። ከየት ወረዳ መጣ፣ መቼ ተቆረጠ፣ ከነሰፈፉ አለህ ወይ በሉት። ማር በብዛት የሚቆረጠው ከአደይ አበባ በኋላ ጥቅምትና ህዳር ላይ ነው፣ ሁለተኛው ዙር ግንቦትና ሰኔ አካባቢ፣ ይሄን የማያውቅ ሻጭ ቀፎ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። የውሃውን መጠን የሚለካ ሪፍራክቶሜትር የምትባል ትንሽ መሣሪያ ያለው ሻጭ ካገኛችሁ ከ20 ፐርሰንት በታች መሆኑን አሳየኝ በሉት፣ ከዛ በላይ ከሆነ ቤት ገብቶ ይብላላል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል (መሣሪያዋ የምትለካው ውሃ ነው፣ ሽሮፕ መቀላቀሉን አታውቅም)።

የረጋ ማር አይታችሁ «ስኳር ገብቶበታል» ብላችሁ አትመልሱ። ግሉኮስ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፣ የትግራይና የላስታ ነጭ ማር እንደ ቅቤ ነው የሚረጋው። እንደውም ዓመቱን ሙሉ እንደ ዘይት ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጥ ርካሽ ማር ነው እኔን የሚያጠራጥረኝ።

ነጭ ወይስ ቀይ? ጠቆር ያለው ማር በአብዛኛው አንቲኦክሲዳንቱ ከፍ ይላል፣ ስኳሩ ግን በሁለቱም ያው ነው፣ ስለዚህ ለጉበት ብላችሁ በቀለም ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። የሚጣፍጣችሁን ግዙ።

4. ማንኪያችሁን መዝኑ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ጋሼ የምላቸው አንድ ደንበኛ አሉኝ፣ ጡረተኛ ናቸው። ኪሎ ማር ወስደው በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። «ጋሼ፣ እንግዳ መጣ እንዴ?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው እኮ፣ ለጉበቴ።» በምን ማንኪያ ስላቸው ሱቅ ውስጥ ካለው የሾርባ ማንኪያውን መርጠው ሰጡኝ፣ እንደ ቤትዎ ይቅዱ አልኳቸው፣ ነክረው አውጥተው ማሩ ከሥሩ እየተንጠለጠለ ሚዛኑ ላይ ሳህን ውስጥ ገለበጡት። 34 ግራም። ሁለቱ 68 ማለት ነው፣ ኪሎውን ለ14 ቀን ብታካፍሉት 71 ይመጣል፣ ሒሳቡ ገጠመ። ሰውዬው ለጉበታቸው ብለው በየቀኑ 55 ግራም ገደማ ስኳር በባዶ ሆድ እየወሰዱ ነበር፣ ሻዩም በስኳር እንደሆነ አልተነካም።

የተለሰነች፣ ያልተቆለለች አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ነው፣ ወደ 21 ካሎሪ፣ 6 ግራም ገደማ ስኳር። የሾርባ ማንኪያ ልስኑ 21 ግራም። ማር ግን አይለሰንም፣ ከማንኪያው ሥርና ጎን ተጣብቆ ይመጣል፣ ስለዚህ ያችው የሻይ ማንኪያ 14 ልትሆን ትችላለች። አመዛዘኑ ቀላል ነው፦ የማሩን ዕቃ ከነማሩ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፣ ዜሮ በሉት፣ ከዛ እንደለመዳችሁት በማንኪያ አውጡ፣ ሚዛኑ በማይነስ የሚያሳየው ቁጥር የወሰዳችሁት ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ካደረጋችሁት እጃችሁ ይለምደዋል፣ ከዛ ሚዛን አያስፈልግም።

ሚዛን ለሌላችሁ፣ ዕቃው ላይ የገዛችሁበትን ቀን ጻፉ። በቀን ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ለአንድ ሰው አምስት ሳምንት መቆየት አለበት። ቶሎ ካለቀ ወይ ማንኪያችሁ ትልቅ ነው ወይ ቤት ውስጥ ሌላ የሚልስ አለ። ግማሽ ኪሎ ግዙ ያልኩትም ለዚህ ነው፣ ትልቅ ባልዲ ቤት ውስጥ ካለ ማንም አይቆጥርም።

5. የቀን መጠናችሁን ቁረጡ

ስኳርም የጉበት ስብም የሌለባችሁ እስከ ሦስት የሻይ ማንኪያ (21 ግራም)። ቅድመ ስኳር ወይም ፋቲ ሊቨር ያለባችሁ ከሁለት (14 ግራም) አትለፉ፣ ሌላ የተጨመረ ስኳር ሳይኖር ማለት ነው። የስኳር በሽታ ያለባችሁ ሐኪም ከፈቀደ አንድ፣ እሷም እንደ ካርቦሃይድሬት ትቆጠራለች። 40 ግራም ተጠንቶ የለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ፣ አዎ፣ ግን እነዛ ሰዎች ሌላው ምግባቸው የተስተካከለ ነው፣ እኛ ቤት አምባሻውም ጨጨብሳውም አለ፣ ቦታ መተው ይሻላል።

6. ስኳሩን አስወጡና ማሩን አስገቡ

በአንድ ቀን ሁሉንም አትቀይሩ፣ ምላስ እልህ ይይዛል። እኔ እንዲህ ነው የምመክረው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለስላሳውን ብቻ አቁሙ፣ በምንም አትተኩት፣ በውሃ ካልሆነ። ከሁሉም በላይ ጉበት የሚገላገለው እዚህ ላይ ነው፣ ማሩ ራሱ ከሚሠራው በላይ። ጁስ ቤትም ስትገቡ «ስኳር እንዳትጨምርበት» በሉ፣ አቮካዶው ላይ ሁለት ጭልፋ ሽሮፕ ሲገባ አይታችሁ አታውቁም እንጂ።

በሁለተኛው ሳምንት ሻዩን ከሦስት ማንኪያ ስኳር ወደ ሁለት፣ በሦስተኛው ወደ አንድ አውርዱ። አራተኛው ላይ ያችን አንዷን በአንድ የሻይ ማንኪያ ማር ተኩ፣ ለሁለት ብርጭቆ ብቻ፣ የቀረው ሻይ በቅርንፉድና በቀረፋ ያለ ምንም ነገር። ማር ከስኳር ትንሽ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ለዛ ነው አንድ የሚበቃው። ማንኪያ በማንኪያ ከተካችሁት ግን ማር ከባድ ስለሆነ ካሎሪው ከስኳሩ ይበልጣል፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ወጥቶ ሦስት ማንኪያ ማር ከገባ ምንም አልሠራችሁም።

ቡናውን ያለ ስኳር ተለማመዱት። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው የተሻለ ሆኖ መገኘቱ በብዙ ጥናት የታየ ነገር ነው፣ ከስኳሩ ጋር ግን ግማሹን መልሳችሁ ትከፍላላችሁ።

ጨጨብሳና ፈጢራ ላይ ማሩን ከዕቃው ቀጥታ አታፍስሱ። መጀመሪያ ስኒ ውስጥ ለክታችሁ ቅዱ፣ ከዛ በማንኪያ ጫፍ ጫፍ አዳርሱት። ከዕቃው የሚፈስ ማር መቆሚያ የለውም፣ እኔ ራሴ አንዴ መዝኜ 50 ግራም አግኝቼበታለሁ፣ ያውም ቁርስ ላይ።

ብርዝ ላይም ያው ነው፣ ስላልተብላላ «ጤና ነው» ብላችሁ በማሰሮ አትበጥብጡ፣ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ። ቀጠን ይላል፣ ትለምዱታላችሁ።

7. ትኩስ ነገር ላይ አትጨምሩት

ላይ ባነሳሁት የቶሮንቶ ጥናት ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ባልሞቀ ጥሬ ማር ላይ ነው፣ በ65 ዲግሪ ለአስር ደቂቃ ያህል የተሞቀ ማር ብዙውን ጥቅሙን ያጣል። ስለዚህ ማር ጀበና ውስጥ፣ የሚፈላ ሻይ ውስጥ አይገባም። ቴርሞሜትር አያስፈልግም፣ ሻዩን ቅዱና ብርጭቆውን በከንፈሩ ሳይሆን በመዳፋችሁ ሙሉ ጨብጣችሁ መያዝ ስትችሉ ያኔ ማሩን ጨምሩ፣ አማስሉ።

የረጋውን ለማቅለጥም እሳት ላይ አትጣዱት፣ ማይክሮዌቭም አይሆንም። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ዕቃውን ዘፍዝፉት፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ለውጡ፣ ግማሽ ሰዓት አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። «የሞቀ ማር መርዝ ይሆናል» የሚለውን ግን አትፍሩ፣ መርዝ አይሆንም፣ ሽታውንና ኢንዛይሙን አጥቶ ተራ ጣፋጭ ነው የሚሆነው።

8. ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ አይደለም

ማር በሞቀ ውሃ በባዶ ሆድ የሚባለውን ስንቴ እንደምሰማው! ባዶ ሆድ ላይ የሚገባ ስኳር የሚያዘገየው ነገር ስለሌለ ደም ውስጥ ፈጥኖ ነው የሚወጣው። ከእንቁላል፣ ከምስር፣ ከበሶ ጋር ሲሆን ፕሮቲኑና ፋይበሩ ይይዘዋል። ሎሚና ማር ካልጠጣሁ ቀኔ አይጀምርም የምትሉ እሺ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቁርሱም አጠገቡ ይሁን፣ ከቀኑ መጠን ላይ ትቀነስ።

ስኳር ያለባችሁ ከዚህ በተጨማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ለክታችሁ እዩ፦ አንድ ቀን ያለ ማር ቁርስ በልታችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ ያንኑ ቁርስ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማር ጋር፣ እንደገና ከሁለት ሰዓት በኋላ። ልዩነቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ማር የበላችሁበት ቀን ቁጥር ከ180 ካለፈ ማሩን ተዉትና ለሐኪማችሁ ንገሩ። ማር ከስኳር በትንሹ ዝግ ብሎ ነው ደም ውስጥ የሚወጣው፣ በትንሹ ነው ግን፣ ከሰው ሰውም ይለያያል፣ የናንተን የሚያውቀው ማሽኑ ነው።

ስኳር ወርዶ ከ70 በታች ሲሆን፣ ላብ ላብ ሲል፣ ሲያንቀጠቅጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ማር መድኃኒት ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለክቶ ካልተነሳ መድገም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ማር አይደረግም፣ ሳንባ ይገባል፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

9. ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ተመርመሩ

እዛው ላብራቶሪ፣ ያንኑ ምርመራ። ሦስት ወር ያልኩት ቀይ የደም ሴል የሚኖረው ወደ 120 ቀን ስለሆነ ነው፣ ኤችቢኤዋንሲ ከዛ በፊት ሙሉውን ለውጥ አያሳይም። ወገብና ክብደት ግን በየሁለት ሳምንቱ ለኩ። የጉበት ስብን በእርግጠኝነት የሚቀንሰው ክብደት መቀነስ ነው፣ ከክብደታችሁ ከ7 እስከ 10 ፐርሰንት ሲወርድ ስቡ ብቻ ሳይሆን የጉበቱ ብግነትም ይሻሻላል፣ 80 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ5.6 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ማሩ እዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ስኳር መተዉን ማቅለል ነው። ወገባችሁ ካልቀነሰ ማሩን ሳይሆን ደብተሩን መልሳችሁ እዩ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

ጠጅን ከማር መቁጠር። «ማር እኮ ነው» ይላሉ። ጠጅ አልኮል ነው፣ ስብ ላለበት ጉበት ደግሞ አልኮል በእሳት ላይ ጭድ ነው።

ማር በነጭ ሽንኩርት፣ ማር በጥቁር አዝሙድ፣ ማር በዝንጅብል እያሉ በጥዋት አንድ፣ በማታ አንድ የሾርባ ማንኪያ መውሰድ። ሌላው ምን ይሥራ ምን፣ የምትውጡት ውህድ አብዛኛው ማር ነው፣ በግራሙ ቁጠሩት። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በብዛት መውሰድ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

«ንጹህ ከሆነ ስኳር አይጨምርም» ብሎ ማመን። ይጨምራል። ንጹህ ማር ንጹህ ስኳር አለው።

እርጥብ ማንኪያ ዕቃው ውስጥ መክተት። ማር ውሃ ይስባል፣ ይብላላል፣ ከዛ ተበላሽቶ «ሸጠኸኝ» ትሉኛላችሁ። ደረቅ ማንኪያ፣ የተከደነ ዕቃ፣ ፍሪጅ አያስፈልገውም።

ማታ ከመተኛት በፊት ልሶ ጥርስ ሳይቦርሹ መተኛት። ማር ጥርስ ላይ ከስኳር የበለጠ ይጣበቃል።

ጣዝማ ማርን «ለስኳር በሽተኛ ይሆናል» ብሎ በውድ መግዛት። ጣዝማ ከሌላ ዓይነት፣ መሬት ውስጥ ከምትኖር መርፌ ከሌላት ንብ ነው የሚመጣው፣ ውሃው ይበዛል፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ስኳሩ ግን አለ። ከገዛችሁት እሱንም በሻይ ማንኪያ ለኩት፣ ማሽኑንም አትርሱ።

የሦስት ወሩ ውጤት ሲወጣ ደግሞ እባካችሁ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ለኔ አትላኩልኝ፣ እኔ ማር ነው የማውቀው። ከደብተራችሁ ጋር ለሐኪማችሁ ውሰዱት፣ በቀን ስንት ግራም ማር እንደምትወስዱም በቁጥር ንገሩት፣ «ትንሽ ትንሽ» ብላችሁ እንዳታልፉት።